ስለ አውሮፕላን ትኬት ዋጋ ቤተሰብ ሊያውቀው የሚገባ

በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በሾኔና በሺንሺቾ ከተሞች የአውሮፕላን ጉዞ እንደ ሩቅ አገር ወሬ የሚሰማ ነገር መሆኑ ከቀረ ብዙ ጊዜ ሆኖታል። ከ1990ዎቹ ዓመታት ወዲህ ከሐድያና ከከምባታ ምድር እጅግ ብዙ ወጣቶች ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደዋል፤ ብዙ እኅቶቻችንም ለቤት ሥራ ወደ ዐረብ አገሮች ተሻግረዋል። ከዚህም የተነሣ አንድ ቀን እንኳ ከአውሮፕላን ውስጥ ገብተው የማያውቁ አባትና እናት በሬ ሸጠው፣ መሬት አከራይተው፣ ከዘመድ ተበድረው የአንድ መቀመጫ ዋጋ የሚከፍሉበት ዘመን ላይ ደርሰናል።

ነገር ግን አንድ የሚያስደንቅ ነገር እናያለን። የቅቤን ዋጋ በሦስት ገበያ ሳትጠይቅ የማትገዛ ብልኅ እናት፣ የልጅዋን የትኬት ዋጋ ግን አንድ ሰው በነገራት ቃል ብቻ ቆጥራ ትሰጣለች። የበሬ ዋጋ ሲሆን ጥርሱን አይቶ፣ ሻኛውን ዳብሶ የሚከራከር አባት፣ የትኬት ነገር ሲነሣ «እኔ ምን ዐውቃለሁ» ብሎ ዝም ይላል። የአውሮፕላን ዋጋ ግን ምሥጢር አይደለም፤ በአደባባይ የታወጀ፣ ማንም ሰው ሊጠይቀውና ሊመረምረው የሚችል ቍጥር ነው። በዚህ ጽሑፍ ይህ ዋጋ ከምን ከምን እንደሚሠራ፣ ለምን ከፍና ዝቅ እንደሚል፣ እንዴትስ እንደሚነበብ ለክርስቲያን ቤተሰቦች ልንገልጽ ወደናል።

ጌታችን በሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ 14 ግንብ ሊሠራ ስላሰበ ሰው በተናገረው ምሳሌ፣ ሥራ ከመጀመር በፊት ተቀምጦ ወጪን ማስላት የአስተዋይ ሰው ጠባይ መሆኑን አስተምሮናል። ስለዚህ ዋጋ መጠየቅና መመርመር የእምነት ጉድለት ወይም ንፉግነት አይደለም፤ እግዚአብሔር በአደራ የሰጠንን ሀብት በአግባቡ መጠበቅ ነው እንጂ።

ታሪፉ ከየት እንደ መጣ

ከሆሳዕና መናኸሪያ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ያህል የሚጓዝ ሰው ታሪፍ ምን እንደ ሆነ ያውቃል። ለመስመሩ የተወሰነ አንድ ዋጋ አለ፤ በበዓል ሰሞን ረዳቱ ከዚያ በላይ ቢጠይቅ «ታሪፉ ይህ አይደለም» የሚል ተሳፋሪ አይጠፋም። የአውሮፕላንም ዋጋ በቀድሞው ዘመን ከዚህ ብዙ የተለየ አልነበረም። የዓለም አየር መንገዶች ማኅበር፣ በተለምዶ «አያታ» የሚባለው፣ ሚያዝያ 1937 ዓ.ም. በኩባ አገር በሃቫና ከተማ ተቋቋመ። የእኛው የኢትዮጵያ አየር መንገድም ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተመሥርቶ መጋቢት 30 ቀን በዚያው ዓመት የመጀመሪያውን በረራ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። በዚያን ዘመን የማኅበሩ አባሎች በጉባኤ ተሰብስበው የየመስመሩን ዋጋ ይስማሙ ነበር፤ መንግሥታትም የተስማሙበትን መርምረው ያጸድቁ ነበር። ስለ ሆነም የአንድ መስመር ዋጋ በጥቂት መደቦች ብቻ የተከፈለ ሆኖ ለረጅም ጊዜ ሳይለዋወጥ ይቆይ ነበር።

በጥቅምት 1971 ዓ.ም. ግን የአሜሪካ መንግሥት በአገሩ ውስጥ የሚበሩ አየር መንገዶች ዋጋቸውን ራሳቸው እንዲወስኑ የሚፈቅድ ሕግ አወጣ። ሌሎችም አገሮች ቀስ በቀስ ይህንኑ መንገድ ተከተሉ። ከዚያ ወዲህ ለአንድ መስመር አንድ ታሪፍ መሆኑ ቀርቶ ብዙ ታሪፍ ሆነ።

ይሁን እንጂ ብዙ ሆነ ማለት ተሰወረ ማለት አይደለም። አብዛኞቹ ታላላቅ አየር መንገዶች ዋጋቸውን የሚያስመዘግቡበት «አትፕኮ» የሚባል ድርጅት በአሜሪካ በዋሽንግተን ከተማ አጠገብ አለ፤ ባለቤቶቹም አየር መንገዶቹ ራሳቸው ናቸው። አየር መንገዱ አዲስ ዋጋ ሲያወጣ ወይም የቀድሞውን ሲለውጥ ወደዚያ ይልካል፤ ከዚያም ወደ ትኬት ሻጮች ኮምፒዩተር ሁሉ ይሠራጫል። ይህም በአንድ ቀን ውስጥ ብዙ ጊዜ ይፈጸማል። ስለዚህ በቦሌ መንገድ ያለ የጉዞ ወኪልም ሆነ በሆሳዕና ያለ ወኪል፣ ኮምፒዩተሩን ሲከፍት የሚያየው ያንኑ የታወጀውን ዋጋ ነው። ከዚያ በላይ የሚጨምረው የራሱ የአገልግሎት ዋጋ ስለ ሆነ ለብቻው ሊጠየቅ ይገባል።

እያንዳንዱ የታወጀ ዋጋ ብቻውን አይቆምም፤ ከነሕጉ ነው። ስንት ቀን ቀድሞ መገዛት እንዳለበት፣ ከስንት ቀን በታች ወይም በላይ መቆየት እንደማይፈቀድ፣ ቀን ለመለወጥ ምን ያህል እንደሚከፈል፣ ጉዞው ቢቀር ገንዘቡ ይመለስ ወይም አይመለስ እንደ ሆነ በዚያ ተጽፎ ይገኛል። ርካሽ የሆነው ትኬት ብዙውን ጊዜ ሕጉ የጠበቀ ነው። ዋጋውን ጠይቆ ሕጉን ሳይጠይቅ የገዛ ሰው ግማሹን ብቻ ገዝቷል።

በአንድ አውሮፕላን ሁለት ዋጋ

ብዙ ሰዎች የሚያጕረመርሙበት ነገር ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት መንገደኞች የተለያየ ዋጋ ከፍለው መገኘታቸው ነው። ይህ ግን ምክንያት አለው። የአውሮፕላን መቀመጫ ከወተት ይልቅ የሚበላሽ ሸቀጥ ነው፤ ወተት ሳይሸጥ ቢያድር እርጎ ይሆናል፤ ባዶውን የበረረ መቀመጫ ግን ምንም አይሆንም። ስለዚህ አየር መንገዱ መቀመጫዎቹን በፊደል ስም ከፋፍሎ፣ ጥቂቱን በርካሽ፣ ጥቂቱን በመካከለኛ፣ የቀረውንም በውድ ዋጋ ያዘጋጃል። ርካሹ ሲያልቅ ኮምፒዩተሩ ወደሚቀጥለው ይሻገራል። ቀድሞ የገዛ ሰው የርካሹን፣ በመጨረሻው ሳምንት የመጣ ሰው የውዱን ያገኛል። ወኪሉ «ትናንት የነበረው ዋጋ ዛሬ የለም» ሲል ሁልጊዜ እያታለለ ነው ማለት አይደለም፤ የርካሹ መደብ በሌሊት አልቆ ሊሆን ይችላል።

የሐድያና የከምባታ ሰዎች ይህን ጥበብ ከመስቀል ገበያ ያውቁታል። በሐድያ «ያሆዴ»፣ በከምባታ «መሳላ» የሚባለው የመስከረም በዓል ሲደርስ የሰንጋና የቅቤ ዋጋ ወደ ሰማይ እንደሚወጣ ስለሚታወቅ፣ ወንዶቹ ለሰንጋ ገንዘብ፣ ሴቶቹ ቅቤ በየጊዜው አስቀድመው ያጠራቅማሉ። በዋዜማው ገበያ የሚወጣ ሰው ግን የተጠየቀውን ይከፍላል። የአውሮፕላንም ዋጋ እንዲሁ የቀን መቍጠሪያ አለው። ለመስቀል፣ ለገናና ለጥምቀት፣ ለፋሲካም በውጭ ያሉ ልጆች ወደ አገር ሲመለሱ ዋጋው ይወጣል። በሐምሌና በነሐሴ የአውሮፓና የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ስለሚዘጉ እንደገና ይወደዳል። በዐረብ አገሮች መስመር ደግሞ የሙስሊሞች በዓላትና የሐጅ ወራት ዋጋውን ከፍ ያደርጉታል። በሆሳዕና ሰሞን ኢየሩሳሌምን ሊሳለም የሚያስብ ምእመን ትኬቱን በዐቢይ ጾም መግቢያ ሳይሆን ከዚያ አስቀድሞ ቢጠይቅ ይጠቀማል። በሳምንቱ መካከል የሚደረግ በረራም ከዓርብና ከእሑድ ይልቅ ብዙ ጊዜ ይረክሳል።

ሌላም ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። የደርሶ መልስ ትኬት ዋጋ የመሄጃው እጥፍ ነው ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። በብዙ መስመሮች የመሄጃ ብቻ ትኬት ከደርሶ መልሱ እምብዛም የማይርቅበት ጊዜ አለና፣ ሁለቱንም አስጠይቆ ማመዛዘን ያስፈልጋል።

ዋጋው ከሦስት ወገን ይሠራል

መንገደኛው የሚከፍለው ድምር ከሦስት ክፍሎች የተሠራ ነው። የመጀመሪያው መሠረታዊው የጉዞ ዋጋ ነው። ሁለተኛው አየር መንገዱ በነዳጅና በመሳሰለው ስም የሚጨምረው ክፍያ ነው። ሦስተኛው መንግሥታትና የአውሮፕላን ማረፊያዎች የሚያስከፍሉት ግብርና የአገልግሎት ክፍያ ነው። እነዚህ ሦስቱ በትኬቱ ደረሰኝ ላይ ተለያይተው ይታተማሉ። በማስታወቂያ ላይ ትልቅ ሆኖ የተጻፈው ቍጥር የመጀመሪያው ብቻ ሊሆን ስለሚችል፣ ገዢው ሁልጊዜ «ጠቅላላ ድምሩ ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ አለበት።

ይህን ክፍፍል ማወቅ በችግር ጊዜም ይጠቅማል። ትኬቱ ገንዘቡ የማይመለስ ዓይነት ቢሆን እንኳ፣ ቪዛ ተከልክሎ ወይም ታምሞ ሳይጓዝ የቀረ ሰው የማረፊያው ግብር ብዙ ጊዜ ሊመለስለት ይችላል። ካልጠየቀ ግን ማንም ፈልጎ አያመጣለትም።

ከዚህ በላይ ደግሞ የምንዛሪ ነገር አለ። ከአገራችን የሚነሣ ዓለም አቀፍ ጉዞ ዋጋ የሚታወጀው በአሜሪካ ዶላር ነው፤ በብር የሚከፍል ሰው በዕለቱ ምንዛሪ ተሰልቶለት ይከፍላል። ለምሳሌ ያህል ብቻ የአንድ ትኬት ጠቅላላ ዋጋ 500 ዶላር ነው እንበል። አንድ ዶላር በ57 ብር ሲመነዘር ይህ 28,500 ብር ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ገንዘብ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ ግን፣ 57 ብር ያህል የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። በ100 ብር እንኳ ብናሰላው ያው ትኬት 50,000 ብር ይሆናል። የትኬቱ ዋጋ በዶላር አንድ ሳንቲም ሳይጨምር፣ በብር ለሚከፍለው ቤተሰብ ግን እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ስለዚህ ዋጋ የሚያጠና ሰው በደብተሩ ላይ የብሩን ብቻ ሳይሆን የዶላሩንም ቍጥርና የጠየቀበትን ቀን ጭምር ይጻፍ። ያን ጊዜ የተወደደው መቀመጫው ይሁን ወይስ የረከሰው ብሩ፣ ለይቶ ያውቃል።

ትኬትና ወረቀት

በቀድሞ ዘመን ትኬት ማለት በካርቦን የተጻፈ፣ ቅጠሉ ተቀዶ የሚሰጥ ደብተር ነበረ። ከግንቦት 24 ቀን 2000 ዓ.ም. ጀምሮ ግን የዓለም አየር መንገዶች ማኅበር አባሎች የወረቀቱን ትኬት ትተው በኤሌክትሮኒክ ትኬት ተተክተዋል። እውነተኛው ትኬት በአየር መንገዱ ኮምፒዩተር ውስጥ ያለው ነው፤ በእጃችን የሚሰጠን ወረቀት የእርሱ መግለጫ ብቻ ነው። ስለዚህ አታላዮች አምሮ የታተመ ወረቀት እየሰጡ ሰው ማሞኘት ቀለላቸው።

እውነተኛውን ከሐሰተኛው የምንለይበት ምልክት ግን አለ። መቀመጫ ሲያዝ ስድስት ፊደልና ቍጥር ያለው የመያዣ ምልክት ይሰጣል። ይህ መቀመጫው መያዙን እንጂ ዋጋው መከፈሉን አያሳይም፤ ካልተከፈለበት ከጥቂት ጊዜ በኋላ ይሰረዛል። ዋጋው ተከፍሎ ትኬቱ ሲቈረጥ ግን 13 አኃዝ ያለው የትኬት ቍጥር ይወጣል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አኃዞች አየር መንገዱን ያመለክታሉ፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ 071 ነው። እንግዲህ ስድስቱ ምልክት ብቻ ተጽፎበት 13ቱ አኃዝ የሌለበት ወረቀት ትኬት አይደለም። ቍጥሩ ያለበትም ቢሆን በአየር መንገዱ ጽሕፈት ቤት፣ በስልኩ ወይም በድረ ገጹ ማረጋገጥ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው።

ስለ ስምም አንድ ቃል እንጨምር። በኦርቶዶክሳውያን ቤት አንድ ልጅ በቤተ ክርስቲያን ወለተ ማርያም ወይም ገብረ ሚካኤል ተብሎ በክርስትና ስሙ ሲጠራ፣ በትምህርት ቤት ሌላ ስም ይኖረዋል። ለትኬት የሚሠራው በፓስፖርቱ የተጻፈው ብቻ ነው። ስሙ፣ የአባቱ ስምና የአያቱ ስም ፊደል በፊደል ከፓስፖርቱ ጋር መስማማት አለበት፤ አለዚያ ለማረም ተጨማሪ ገንዘብ ይጠየቃል፤ በጉዞው ቀንም እንቅፋት ይሆናል። የሻንጣው ቍጥርና ክብደትም እንደ ትኬቱ ዓይነት ስለሚለያይ፣ በትኬቱ ላይ የተጻፈውን ማንበብ እንጂ ጎረቤት የነገረውን መከተል አይበቃም።

የትኬት ዋጋና የደላላ ዋጋ

እስከዚህ የተናገርነው ሁሉ ወደ አንድ ነገር ያደርሰናል፤ እርሱም የትኬትን ዋጋና የደላላን ዋጋ ለይቶ ማወቅ ነው። ደላላ ሂሳቡን ከፋፍሎ አይናገርም። «ሙሉውን ይህን ያህል አምጡ፤ ሌላውን ለእኔ ተዉት» ይላል። ቤተሰቡም ገንዘቡ ለአውሮፕላን የሚከፈል ይመስለዋል። ከአዲስ አበባ ወደ ጆሃንስበርግ የሚበረው ትኬት ግን በተለመደው ጊዜ ጥቂት መቶ ዶላር ነው፤ በሕገ ወጥ መንገድ ወደ ደቡብ አፍሪካ ለማሻገር የሚጠየቀው ገንዘብ ግን ብዙ ሺህ ዶላር ይደርሳል። የቀረው ገንዘብ የምን ዋጋ ነው? ብሎ የጠየቀ አባት መልሱን ያገኛል። የደቡብ አፍሪካ መንግሥት ከኢትዮጵያውያን ቪዛ ይጠይቃል፤ ቪዛ የሌለውንም ሰው አየር መንገዱ አያሳፍርም። ስለዚህ ያ ሁሉ ገንዘብ የሚከፈለው በሞያሌ በኩል ኬንያን፣ ታንዛንያን፣ ማላዊንና ሞዛምቢክን በጭለማ ለሚያቋርጠው የስውር መንገድ ነው።

የዚያ መንገድ ዋጋ በገንዘብ ብቻ የሚቈጠር አይደለም። መጋቢት 15 ቀን 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ አገር በቴቴ ክፍለ ሀገር የተያዘ አንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ሲከፈት 64 ሰዎች አየር አጥሯቸው ሞተው ተገኙ፤ 14 ብቻ በሕይወት ተረፉ። ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ከሰማይ ጉዞ እጅግ የሚበልጥ ዋጋ የሚከፈልበት መንገድ መጨረሻው እንዲህ ሊሆን እንደሚችል እያወቁ ዝም ማለት ለወላጅም ሆነ ለጎረቤት አይገባም። ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ ማሻገርና በሰው መነገድም በአዋጅ ቍጥር 1178/2012 በብርቱ የሚያስቀጣ ወንጀል ነው።

ወደ ዐረብ አገሮች ለሥራ ስለሚሄዱ እኅቶች ደግሞ ቤተሰብ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ሕግ አለ። በውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቍጥር 923/2008 መሠረት የቪዛውን፣ የደርሶ መልስ ትኬቱን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃዱን፣ የመድንንም ዋጋ የሚከፍለው አሠሪው ነው። ሠራተኛዋ የምትከፍለው የፓስፖርት፣ የሕክምና ምርመራ፣ የክትባት፣ የልደት ምስክር ወረቀትና የሙያ ብቃት ማረጋገጫን የመሰሉትን ነው። አዋጁ በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቍጥር 1246 ተሻሽሏል። እንግዲህ ለአንዲት ልጅ የቤት ሥራ «የትኬት» ተብሎ ላም እንዲሸጥ የሚጠይቅ ሰው ቢመጣ፣ ወይ ሕጉን አያውቅም፤ ወይ እያወቀ ይዘርፋል። ወኪሉ ሕጋዊ ፈቃድ ያለው መሆኑን በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሥር ባሉት የዞንና የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች መጠየቅ ይቻላል።

በቤት ውስጥ ምን እናድርግ

ከዚህ በላይ የዘረዘርነውን በሥራ ላይ ለማዋል ትልቅ ትምህርት አያስፈልግም። አስቀድሞ ከጉዞው ብዙ ሳምንታት በፊት አንድ ደብተር ይዘጋጅ። ማንበብ የሚችል ልጅ በስልኩ በአየር መንገዱ ድረ ገጽ የአንዱን መስመር ዋጋ ለተለያዩ ቀኖች ይመልከት፤ ቀኑን፣ ዶላሩንና ብሩን ይጻፍ። ከዚያም ሁለት ወይም ሦስት ወኪሎች ይጠየቁ፤ ጠቅላላ ድምሩን፣ የአገልግሎት ዋጋቸውን፣ የሻንጣውን መጠን፣ የመለወጫና የመመለሻ ሕጉን ይናገሩ። በታወጀው ዋጋና በተጠየቀው መካከል ሰፊ ልዩነት ካለ ምክንያቱ ይጠየቅ። ገንዘብም ያለ ደረሰኝ አይሰጥ፤ ከተከፈለም በኋላ 13ቱ አኃዝ ይመርመር።

ይህን ለብቻው ማድረግ የሚከብደው ቤተሰብ ደግሞ ወዳጅ አለው። በየአጥቢያው የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች አሉ፤ በየሰፈሩ ዕድር፣ በየደብሩ ሰንበቴና ማኅበር አለ። አንድ አባት መሬቱን ከመሸጡ በፊት ጉዳዩን ለንስሐ አባቱ ቢገልጽ፣ በሰንበቴውም ላይ አንሥቶ ከዚህ በፊት የተጓዙ ሰዎችን ስንት እንደ ከፈሉ ቢጠይቅ፣ ደላላው በሹክሹክታ የነገረው ቍጥር በሰው ፊት ሲወጣ እውነቱ ይገለጣል። ስለ ለቅሶና ስለ ሠርግ የሚመካከር ማኅበር ስለ ልጅ መንገድ የማይመካከርበት ምክንያት የለም።

እኛም ልጆቻችን ከአገር አይውጡ ማለታችን አይደለም። ሠርቶ ወገኑን ለመርዳት በሕጋዊ መንገድ የሚሄደውን እግዚአብሔር መንገዱን ያቅናለት። ነገር ግን በሬውን ሲገዛ ጥርሱን የሚቈጥር አባት፣ ልጁን ሲልክ የትኬቱን ቍጥር ይቍጠር።